በስሜ የተጠራው ጆተኒ ቤት

የግራሶ ሽታ እስካሁን ያሳፍረኛል። ጎሚስታ አጠገብ ሳልፍ፣ ወይም መንገድ ላይ ታክሲ ተበላሽቶ ረዳቱ ከሥሩ ገብቶ ሲታገል ያ ሽታ ከነካኝ፣ ሳላስበው ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አደርጋለሁ። ሰው ያየኝ ይመስለኛል። በዚህ ዕድሜዬ ማን ያየኛል፣ ቢያየኝስ ምን ይለኛል እያልኩ ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። ሽታው ግን ከእኔ ጋር አይከራከርም፤ ይመጣል፣ ያሳፍረኛል፣ ይሄዳል።

ያለፈው ክረምት ሊወጣ ሲል፣ ከአዲሱ ገበያ ሽንኩርትና ድንች ገዝቼ ዳገቱን ስወጣ፣ ያው ሽታ ከገዛ ቤቴ ወጥቶ ተቀበለኝ። ልጄ ትዕግስት፣ ጓሮ ባለው የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ የኖረውን ጆተኒ አውጥታ፣ መንገድ ዳር ባለው የፊት ክፍል መሃል አቁማዋለች። እጅጌዋን ሰብስባ ዘንጎቹን ግራሶ ትቀባለች። ሰማያዊ ለባሾቹ ቀለማቸው ለቋል፤ ቀይ ለባሾቹ ግን ትናንት የተቀቡ ይመስላሉ። የሰማያዊዎቹ በረኛ አንገት የለውም። እሱ ድሮም አልነበረውም።

"እማዬ፣ ነይ እዪው! አሁንም ይዞራልኮ!" አለችኝ።

"በሩን ዝጊው፤ ሽታው መንገድ ድረስ ይሰማል" አልኳት።

ጆተኒን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። እግር ያለው ትልቅ ሳጥን ነው። በሳጥኑ ላይ የብረት ዘንጎች ተጋድመዋል፤ በዘንጎቹ ላይ ትናንሽ ተጫዋቾች ተሰክተዋል። ሁለት ወገን ፊት ለፊት ቆሞ፣ ዘንጉን እየገፋና እየሳበ ኳሷን ጎል ለማስገባት ይታገላል። የተሸነፈ ይከፍላል። ጨዋታው ይኸው ነው። እንዲህ ሲጻፍ ምንም ነውር የለበትም።

ትዕግስት አንድ አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። ጎብኚው ሲቀር ድርጅቱም ተዘጋ። ብዙ በር አንኳኳች፤ አንዱም አልተከፈተም። አንድ ቀን ምሳ እየበላን "የድሮ ጌም ቤት እከፍታለሁ፤ ሬትሮ ይሉታል" አለችኝ። ሬትሮ ማለት ድሮ ማለት መሆኑን አስረዳችኝ። ድሮ እንዲህ የሚያምር ስም እንዳለው አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ከቤቱ ያወጣውን እየለቀመች ታስገባ ጀመር። ጀርባው እንደ ሻንጣ የተነፋ ቴሌቪዥን፣ በካሴት የሚሠራና አንድ ትንሽ ሰውዬ ግንብ ለግንብ የሚዘልበት ጌም፣ ሳንቲም ሲገባበት የሚያንቋርር ሳጥን፣ ከአንድ ከተዘጋ ክበብ የተገዛ ሁለተኛ ጆተኒ። "ማን ይመጣል?" ብላት "የዚህ ሠፈር ልጆች የሚውሉበት አላቸው? ድንጋይ ላይ ነው የሚውሉት" አለች። እውነቷን ነው። ከዊንጌት ወደ ላይ፣ ወደ ባሕር ዛፉ ስትወጡ ያለው የእኛ ሠፈር፣ ፋብሪካዎቹ እየተዘጉ ከመጡ ወዲህ ወጣቱ ግንብ ሥር ተደርድሮ ፀሐይ የሚሞቅበት ሠፈር ሆኗል። እናቶቻቸው ያኔ ከጫካ ጭራሮ ይሸከሙ ነበር። እነሱ ደግሞ ስልክ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ካርድ የለውም።

የፈራሁት ጥያቄ የመጣው የበራፉን የስም ቦርድ ልታሠራ ስትሄድ ነው።

"ስሙን ምን ልትዪው ነው?" አልኳት፣ እንደ ዋዛ።

"ስም አለውኮ! ዘነቡ ቤት ነዋ። የድሮዎቹ ተጫዋቾች ሁሉ በዚያ ነው የሚያውቁት።"

"አይሆንም።"

"ለምን እማዬ?"

"አይሆንም አልኩሽ።"

ዘነቡ እኔ ነኝ። ትዕግስት ብዙም አልተከራከረችኝም። ቦርዱን አሠርታ አመጣች፤ በቀይ ቀለም "ጆተኒ ቤት" የሚል ተጽፎ ከላዩ ሰፊ ባዶ ቦታ ተትቷል። "ሐሳብሽን ከቀየርሽ ሠዓሊው እዚሁ ነው" ብላ ግድግዳ አስደግፋ ተወችው። እኔም ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ያ ባዶ ቦታ እንደ ሰው ዓይን ይመለከተኝ ነበር።

ለምን እንደከለከልኳት የሚገባው የድሮ ሰው ነው። ያን ጊዜ በሴት ስም የሚጠራ ቤት ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃል። እንትና ቤት ከተባለ ጠላ ወይም ጠጅ ይሸጣል፤ ወይም ከዚያ የባሰ ነገር አለበት። ባለትዳር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች፣ በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት የተቀጠረች ሴት ስሟ በበራፍ አይጠራም። ስሟ በደመወዝ መቀበያ ላይ ነው የሚጻፈው። እኔ ደግሞ ያኔ ስለ ራሴ የማስበው ትንሽ አልነበረም። ፀጉሬን ቅዳሜ ቅዳሜ እተኮሳለሁ። ጉልበት የሚሸፍን የሱፍ ጉርድ፣ አንገትጌው በስታርች የደረቀ ነጭ ሸሚዝ፣ ተረከዙ ቀጠን ያለ ጥቁር ጫማ አለኝ። ሻይ በስሙኒ በሚጠጣበት፣ ዳቦ በዐሥር ሳንቲም በሚገኝበት ዘመን፣ ያን ጫማ ለመግዛት ስንት ጊዜ ከሱቁ መስታወት ፊት ቆሜ እንደተመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ጠዋት ጠዋት ዊንጌት ወርጄ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ከካሴት መሸጫው የሚለቀቀው ዘፈን በጆሮዬ እየገባ፣ ቤልቦተም ሱሪ የለበሱት ጎረምሶች መንገድ ይለቁልኝ ነበር። መንገድ ይለቁልኝ እንደነበር እስካሁን አልረሳሁትም።

ባለቤቴ በቀለ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሠራተኛ ሲቀነስ እሱም ተቀነሰ። ከሠፈሩ ወንዶች ግማሹ የዚያው ፋብሪካ ሰው ስለነበር፣ በዚያ ዓመት መንገዱ ዳር የሚቀመጠው ሰው በዛ። በቀለ መቀመጥ የማይችል ሰው ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ሶፋዬ ዝናብ ላይ ወጥቷል። የእንግዳ ክፍላችን፣ በዓል ሲመጣ ዘመድ የምቀበልበት፣ ከቡፌው ላይ የቻይና ብርጭቆ የደረደርኩበት ክፍል መሃል ይህ ሳጥን ቆሟል። አንድ ሆቴል ሲዘጋ ገዝቶት ነው። በቀለ ዘንጎቹን ግራሶ እየቀባ ነበር።

"ሶፋውን ዝናብ እየመታው ነው" አልኩት።

"ዘነቡዬ፣ ሶፋ ላይ ማን ይቀመጣል? ሰው ሁሉ ቁሞ ነው የዋለው" አለኝ፤ ሳቀም። እኔ አልሳቅሁም። ወደ ጓዳ ገባሁ። በጓዳውና በፊቱ ክፍል መካከል የአቡጀዲ መጋረጃ ሰቀልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፊት በር መግባትና መውጣት ተውኩ።

ቤታችን የጓሮ በር ነበረው፤ አሁንም አለው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ከጎረቤት አጥር ጀርባ፣ ከቦዩ ጎን ለጎን የሚሄድ ጠባብ መሄጃ ነው። በጋ ምንም አይል። ክረምት ግን ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ስለዚህ ያን ጥቁር ጫማዬን በፌስታል ይዤ፣ በኮንጎ ጫማ እየሄድኩ፣ ዋናው መንገድ ስደርስ እቀይር ነበር። መሥሪያ ቤት "ባለቤትሽ ምን ይሠራል?" ሲሉኝ "የግል ሥራ" እላለሁ። "የምን የግል ሥራ?" ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም፤ ወይም ጨዋ ሰዎች ነበሩ።

ፊት ለፊት ያለው ግን ቀኑን ሙሉ ይጮሃል። ዘንግ ይንኳኳል፣ ኳስ ይጋጫል፣ "ዘንግ ማሽከርከር የለም!" ይባላል፣ "አልገባም!" "ገብቷል፣ ዓይንህ ነው የወጣው!" ይባላል። ልጆቹ የሚለብሱት ሸራ ጫማ ጣቱ ተቀዶ ምላስ ያወጣ ነው። ሹራባቸው ከታላቅ ወንድም የወረደ፣ እጅጌው ከእጃቸው የሚረዝም። ትምህርት ቤት የቀሩም ነበሩ፤ ሠፈሩ ቤቱን የዱርዬ መዋያ የሚለው ለዚህ ነው። በቀለ በትምህርት ሰዓት አላስጫውትም ይል ነበር፤ ቃሉን የሚጠብቀው ግን ግማሽ ግማሹን ነው። ልበ ለስላሳ ስለሆነ ሲቆጣ አያምርበትም። ስለዚህ አንድ ዘዴ አገኘ። ልጆች ሲጣሉ "ዘነቡ ትሰማለች!" ይላል። ሲመሽ "ዘነቡ ዝጋ ብላለች" ይላል። ዱቤ ሲጠይቁት "ለእኔስ ምንም አልነበር፤ ዘነቡ ናት" ይላል። እኔ ያላልኩትን ሁሉ እኔ አልኩ። ልጆቹም ከመጋረጃው ጀርባ ያለችውን፣ አይተዋት የማያውቁትን ዘነቡን እንደ ዳኛ ፈሯት። ከዚያ "ዘነቡ ቤት እንገናኝ"፣ "ዘነቡ ቤት ተሸነፈ" እየተባለ ስሜ ቁልቁል እስከ አዲሱ ገበያ ወረደ። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች "ዘነቡ ቤት አዲስ ኳስ መጥቷል" ሲባባሉ ሰማሁ። ለመውረድ ሦስት ፌርማታ ሲቀረኝ ወረድኩ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ኋላ ይፈለጋል። ክረምት ላይ ልጆቹ ምሳ ሳይበሉ ይውሉ ነበር። የራበው ልጅ ደግሞ ይበልጥ ይጮሃል። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ድንች እቀቅልና ከሚጥሚጣ ጋር በሳህን አድርጌ፣ እጄን ብቻ በመጋረጃው አሾልኬ አቀርብ ነበር። ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። "እግዜር ይስጥልን" የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አልመልስም። ደግነት አልነበረም። ጸጥታ ፈልጌ ነው።

ብርቄ የመጣችው ከእነዚህ ቅዳሜዎች በአንዱ ነው። ብርቄ ከእኛ በላይ ከኮረብታው ጥግ የምትኖር፣ ጭራሮ ተሸክማ ልጇን የምታሳድግ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ ፈለገች የምታዞር፣ ምላሷ የሚፈራ ሴት ናት። ልጇ ጠዋት ጭራሮ እንዲያወርድላት ስትልከው እኛ ቤት ቀርቷል። መንገዱ መሃል ቆማ፣ በቀለን ትታ፣ በቀጥታ እኔን ጠራችኝ።

"ዘነቡ! አንቺ ዘነቡ! ውጪ! ባለ ጫማዋ ውጪና ልጄን መልሺልኝ!"

"የለችም ብርቄ፤ ወጣ ብላለች" አላት በቀለ።

"የለችም? ታዲያ ድንቹን ጂኒ ነው የሚቀቅለው? እንፋሎቱ እኔ ቤት ድረስ ይመጣል!"

ልጆቹ ሳቁ። በቀለም ሲስቅ ሰማሁት። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ማሰሮው ላይ ክዳኑን ጫን አድርጌ ይዤ ቆምኩ። ባለ ጫማዋ። ጫማዬን በፌስታል ይዤ በጓሮ እንደምሄድ ታውቅ ይሆን ብዬ ያን ቀን ሙሉ አሰብኩ። ከዚያ በኋላ ብርቄና እኔ የአንድ እድር ሰዎች ሆነን ስንት ዘመን "እንደምን አደርሽ"፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" ተባባልን። ከዚያ ያለፈ ነገር አላወራንም።

ዘመኑ ሄደ። ቪዲዮ ቤት መጣ፣ ኋላም በየመንደሩ ፕሌይ ስቴሽን መጣ፤ ጆተኒውን የሚፈልገው ቀነሰ። በቀለ ታመመ፤ ሞተ። በቀብሩ ዕለት የማላውቃቸው ጎልማሶች አስከሬኑን ለመሸከም ይሻሙ ነበር። አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ሾፌር፣ አንዱ ዲያቆን መሆኑን ሲያወሩ ሰማሁ፤ ከየት እንደሚያውቁት ግን ማንንም አልጠየቅሁም። ጆተኒውን ሸራ አልብሼ ጓሮ አስገባሁት። የፊቱን ክፍል አከራየሁት፤ ተከራዮቹ ወጡ፤ ባዶውን ተቀመጠ። እኔ ግን እግሬ ለምዶ ኖሮ በጓሮ መግባቴን አልተውኩም።

አሁን ወደ ትዕግስት ጌም ቤት ልመለስ።

ትዕግስት የቤቱን ምረቃ ለአንድ የመስከረም ቅዳሜ ቀጠረች። ዝናቡ ገና ስላልወጣ ድንኳን ያስፈልጋል አለች። የእድሩ ድንኳን ለአባል ይሰጣል፤ አባሏ እኔ ነኝ። ስለዚህ ዕቃ ቤት ጠባቂው ጋሽ ወርቁ ዘንድ ሄድኩ።

"እትዬ ዘነቡ፣ ለምን ጉዳይ ልበል?" አሉኝ፤ ለእድሩ ሰብሳቢ መንገር አለባቸው።

እዚያ ቆሜ "ለጆተኒ ቤት ምረቃ" የሚለው ቃል ከአፌ እንቢ አለ። "ለቤት ጉዳይ ነው" አልኩ።

ጋሽ ወርቁ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ደህና ነው? እርስዎስ ተሽሎዎታል?"

"ደህና ነው፤ ይመስገን።"

"እንግዲህ የእሱ ፈቃድ ይሁን" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩም። በዚያ ሰሞን ለደም ግፊት ጳውሎስ ሆስፒታል እመላለስ ነበር፤ አንድ ቀን ትዕግስት ደግፋኝ ከታክሲ ስታወርደኝ ብርቄ አይታኛለች። ለጎረቤት ስለ ምረቃው ትንፍሽ አላልኩም። ትዕግስትም እኔ የነገርኳቸው መስሏት ለማንም አልተናገረችም። ሰርግ ያልተጠራበት፣ ክርስትና ያልተነገረበት፣ የታመመች አሮጊት ያለችበት ቤት ደጃፍ ላይ ጠዋት የእድር ድንኳን ሲተከል ሠፈር ምን ብሎ እንደሚያስብ፣ ዕድሜዬን ሙሉ እዚሁ የኖርኩ ሴት ማወቅ ነበረብኝ። ሐፍረት ግን የሚያውቁትን ያስረሳል።

ድንኳኑን የተከሉት ልጆች ሥራቸውን ጨርሰው ሄዱ። ትዕግስት ወንበርና ለስላሳ ልታመጣ ወደ አዲሱ ገበያ ወረደች። እኔ ጓዳ ተቀምጬ፣ ምረቃው እስኪያልቅ እዚያው ለመቆየት ወስኜ ነበር። በዚህ መሃል ለቅሶ ሰማሁ። አንዲት ሴት፣ ከዚያ ሦስት አራት ሆነው፣ ከዳገቱ እያለቀሱ ሲወርዱ። ደነገጥኩ። "ማን ይሆን? የጋሽ ወርቁ እናት ይሆኑ?" አልኩ ለራሴ። ጎረቤት ሞቶ ቤት አይቀመጥም። ነጠላዬን ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ፊቴ እንዲሆን ገልብጬ ለበስኩ፤ ለቅሶ የሚደረሰው እንዲያ ነው። እንደ ልማዴ በጓሮ ወጣሁ፣ ቦዩን ይዤ ዞሬ መንገዱ ላይ ብቅ አልኩ።

ሰዉ የተሰበሰበው እኛ ድንኳን ውስጥ ነው። ዝናቡ ያካፋ ስለነበር ከዝናብ ሊጠለሉ የገቡ መሰለኝ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል፤ ሴቶቹ በእድሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ሁሉም ነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍኗል። ከኋላ፣ ከወንበሩ ጫፍ ቁጭ አልኩ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ዝም አይባልም፤ እኔም አለቀስኩ። ለማን እንደማለቅስ በኋላ እጠይቃለሁ ብዬ ነው። እውነቱን ለመናገር እንባው ቶሎ መጣ፤ የበቀለም ነበረበት።

መሃል ላይ ቆማ ደረቷን እየደቃች የምታስለቅሰው ብርቄ ነች። ሙሾ የምታወጣው እሷ ናት፤ በሠፈራችን ብርቄ ያልገጠመችለት ሰው እንደሞተ አይቆጠርም። ድምፁን ሳብ አድርጋ እንዲህ አለች፦

በጓሮ ነበረ ሁልጊዜ መንገድሽ፣
ዛሬ በፊት በኩል ምን ነበር መሄድሽ።

ሴቶቹ "ወይኔ! ወይኔ!" አሉ። የእኔ እንባ ቆመ። በጓሮ የሚሄድ ሌላ ማን አለ እያልኩ ሳስብ፣ ሁለተኛው መጣ፦

መጋረጃው መሃል እጅሽን አየነው፣
ፊትሽን ለማየት ሞትሽን ጠበቅነው።

ከቆሙት ጎልማሶች አንዱ ጮክ ብሎ አለቀሰ። የብርቄ ልጅ ነው፤ ያ ጭራሮውን ትቶ እኛ ቤት የቀረው። ፀጉሩ ሸብቷል። "ዘነቡ ትሰማለች እየተባልኩኮ ነው ያደግሁት!" ይል ነበር ለአጠገቡ ሰው። "ድንቿን የበላን ሁሉ ዛሬ እናልቅስ!"

ምን ያህል እንዳፈርኩ ልጽፈው አልችልም። ሞተች ተብሎ ስለተለቀሰልኝ አይደለም። ስደበቅ የኖርኩትን ሁሉ ሰው ያውቀው ነበር። የጓሮውን መንገድ፣ የፌስታሉን ጫማ፣ መጋረጃውን፣ ሁሉንም። እኔ የተደበቅሁ መስሎኝ፣ እነሱ ደግሞ አላየንም ብለው፣ ተሸፋፍነን ኖረናል። የመጀመሪያው ሐሳቤ መነሳትና በመጣሁበት መመለስ ነበር። ማንም አላየኝም። ቦዩን ይዤ ጓዳዬ እገባለሁ፤ ነገሩን ትዕግስት ትጨርሰዋለች። ነጠላዬን ይዤ ብድግ አልኩ።

በዚያው ቅጽበት ባጃጅ ቆመ። ትዕግስት ወንበር ይዛ ወረደች፤ ድንኳኑን፣ ለቅሶውን፣ የተገለበጡትን ነጠላዎች አየች። ወንበሩ ከእጇ ወደቀ። "እማዬ!" ብላ የጮኸችው ጩኸት አሁንም አጥንቴ ውስጥ አለ። ጠዋት ደህና ትታኝ የወጣችው ልጄ ሞቻለሁ ብላ ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

"እዚህ ነኝ" አልኩ። አልሰማችኝም። ደግሜ "ትዕግስት፣ እዚህ ነኝ!" አልኩ።

ሰው ሁሉ ዞረ። አንዲት ሴት አማተበች፤ አንዷ ከወንበሯ ወደ ኋላ ልትወድቅ ስትል ያዟት። ብርቄ እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ አፍጥጣ አየችኝ።

"አንቺ! አልሞትሽም እንዴ?"

"አልሞትኩም።"

"ታዲያ ነጠላሽን ገልብጠሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ለቅሶ ልደርስ መጥቼ ነው።"

"የማንን?"

"እኔም እሱን ልጠይቅ ነበር።"

ከወንዶቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ብርቄ አልሳቀችም። "ማንም ካልሞተ ድንኳኑ የምንድነው?" አለች።

"ለምረቃ ነው።"

"የምን ምረቃ?"

"የጆተኒ ቤት።"

"የማን ጆተኒ ቤት?"

ዝናቡ ሸራው ላይ ይንጠባጠባል። ትዕግስት ጉልበቷ ጭቃ እንደሆነ ተነስታ አጠገቤ ቆማለች፤ ክንዴን እስከሚያመኝ ይዛኛለች። የትዕግስት ነው ብል ውሸት አልነበረም። የባለቤቴ የበቀለ ነበር ብልም ውሸት አልነበረም። ቦርዱ ግድግዳ ተደግፎ፣ ባዶ ቦታው ከሰዉ ራስ በላይ ይታየኝ ነበር።

"የእኔ" አልኩ።

ብርቄ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "እሱንማ ስናውቀው ኖርን" አለች። "ይህን ለመንገር ነው ድንኳን የተከልሽው?"

ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ። ወንዶቹም፣ ሴቶቹም፣ ጋሽ ወርቁም ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሳቁ። ከዚያ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ፤ አንዷ ለአንዷ ጥለቱን ወደ ታች እያወረደች። የእኔን ያስተካከለችልኝ ብርቄ ነች። እጇ ሻካራ ነው። "ያለቀስኩት ግን በነፃ እንዳይመስልሽ" አለችኝ በጆሮዬ። "የተሸነፈ ይከፍላል!" አለ ልጇ ከኋላ። ለእኔ ለቅሶ የተጣደው ንፍሮ በስሎ መጣ፤ ምረቃው ላይ ተበላ። ብርቄና ልጇ ባንድ ወገን፣ በበቀለ ቀብር ያየኋቸው ሐኪሙና ዲያቆኑ በሌላ ወገን ሆነው ተጫወቱ። አንገት የሌለው በረኛ ጎል ሲገባበት ሰው ሁሉ "ዘነቡ ትሰማለች!" ብሎ ጮኸ። እኔ ሰማሁ።

ጭንብል እንደተገፈፈበት ሰው ነበርኩ፤ ፊቴ እስከ ማታ ግሎ ዋለ። ሠዓሊው ያንኑ ቀን መጣ። ትዕግስት ቦርዱን አንስታ አየችኝ፤ እኔም ይጻፈው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

አሁን ስሜ በቀይ ቀለም ከበራፉ በላይ አለ። ልጆቹ ሲያዩኝ "እማማ ዘነቡ" ይሉኛል፤ ዞር ብዬ ለመሸሽ እግሬ አሁንም ይነሳል። ከገበያ ስመለስ ቦርዱን ቀና ብዬ አላየውም፤ አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው። የምገባው ግን በፊት በር ነው።